የኢንቨርኔል የሞተር ክፍል

ኢሽቤል ሬኒ ኢንቨርኔልን መስራት ስትጀምር ከመርከቧ የተረፈ ነገር እምብዛም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 በመርከብ ሰሪዋ ከተማ በክላይድባንክ ተሰርታ ውሃ የነካችው ያቺ ግዙፍ የመንገደኞች መርከብ ሃያ ሁለት ዓመት ውቅያኖስ ስታቋርጥ ኖራ፣ በመጨረሻ ታይዋን ተወስዳ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጣለች። የሰራት ድርጅትም ተዘግቷል። ሲዘጋ የመርከቦቹን ንድፍ በቆሻሻ መኪና ነው የጫኑት። ኢሽቤል እጅ የገቡት አርባ ሦስት ፎቶግራፎች፣ አንድ የማስታወቂያ ፊልምና የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች የእራት ዝርዝር ብቻ ነበሩ።

የምትሰራው ዳንዲ ከተማ፣ ሰላሳ ሰው በማይሞላው የቪዲዮ ጌም ድርጅት ውስጥ ነው። ጌሙ በኢንቨርኔል ተሳፍሮ ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ ስለተገደለ ሀብታም ነበር፤ ተጫዋቹ ከመንገደኞቹ መሀል ገዳዩን ይፈልጋል። ታሪኩን የጻፉት ሌሎች ናቸው። የኢሽቤል ድርሻ መርከቧን ከነምስማሯ እንደነበረች አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ማቆም ነው። አራት ዓመት ፈጀባት።

የዳንሱ አዳራሽ፣ ትልቁ ደረጃ፣ መዋኛው፣ እነዚህ ሁሉ ከፎቶዎቹ ወጡላት። ከውሃ በታች ያለውን ግን ፎቶ ያነሳው ሰው አልተገኘም። እዚያ የሚወርዱት ሰዎች ካሜራ አልነበራቸውም።

አባቷ ግን ነበረላት።

ዋላስ ሬኒ መርከብ ግንባታ ውስጥ የገባው በአስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ ስራውም ኢንቨርኔል ነበረች። ቧንቧ አልባሽ ይሏቸው ነበር። ነጩን ዱቄት በርሜል ውስጥ በውሃ እያቦኩ በእንፋሎት ቧንቧው ላይ ይመርጉታል፤ ሲደርቅ ጨርቅ ይጠመጥሙበታል። ዱቄቱ አስቤስቶስ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል። አሁን ሰባ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሳንባህ ሽፋን ላይ ካንሰር አለ ካለው አንድ ዓመት አልፎታል። እንዲህ ያለው በሽታ ክላይድባንክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ዋላስ ከሚኖርበት ፎቅ ብቻ በዚሁ በሽታ ተይዘው የሞቱ አምስት ሰዎች በስም ይቆጥራል።

ኢሽቤል ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከዳንዲ ተነስታ ሁለት ሰዓት ነድታ ትመጣለች። ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ በቋሊማ ትገዛለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ከዚያ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትከፍታለች። ዋላስ መነጽሩን አድርጎ ወንበሩን ይጎትታል።

«ያ ቧንቧ በቀኝ ነው ያልኩሽ» አላት አንድ ቀን ገና ከማየቱ። «አንቺ በግራ አድርገሽዋል። በዚህ አያያዝሽ ኒው ዮርክ አትደርሺም፤ እዚሁ ክላይድ ወንዝ ላይ ትሰምጫለሽ።»

«አባዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ በግራ ነው ያልከኝ አንተ ነህ!»

«ባለፈው ቅዳሜ ዞሬ ነበር የቆምኩት።»

«ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው የምትዞረው?»

«አንቺ መርከብ ላይ ስላልሰራሽ አይገባሽም» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ኢሽቤል ሳሉ እስኪያበቃ ማያውን እያየች ቧንቧውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ሲስል መታየት አይወድም ነበር።

የሚለካው በሰውነቱ ነው። «ከመሰላሉ እስከ ሁለተኛው ቦይለር አስራ አንድ እርምጃ። የኔ እርምጃ ነው፤ ያኔ አጭር ነበርኩ» ይላታል። «ይሄኛው ቧንቧ በእቅፌ አልገባም ነበር። ያኛው ገብቷል።» ተነስታ ክፍሉ ውስጥ ትራመዳለች፣ እጇን ዘርግታ ታቅፋለች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ሰፋ፣ ሰፋ አድርጊ፣ እዚያ ላይ ተይው» ይላታል። ጎረቤት ቢያይ ያበዱ ይመስለው ነበር። በሕይወታቸው እንደዚያ ወራት ብዙ ተነጋግረው አያውቁም። ልጅ ሳለች አባቷ ወጥቶ የሚሄድ፣ ደክሞት የሚመለስ፣ በልቶ የሚተኛ ሰው ነበር። አሁን ግን ስልክ ደውሎ ሳይቀር «ኢሽቤል፣ አንድ የቧንቧ መክፈቻ ረስቼብሻለሁ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ» ይላታል።

በአስራ ስድስተኛው ወር የሞተር ክፍሉ አለቀ። ኢሽቤል ጆይስቲክ ይዛ መጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቶቹ ደንዝዘው ስለነበር አውራ ጣቱን በአውራ ጣቷ ይዛ አስጀመረችው። ዋላስ መሰላሉን ወረደ። በቦይለሮቹ መሀል አለፈ፣ ቆመ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ሲዞር ቆየ። ኢሽቤል የደስታ ነው ብላ ነበር።

«ሁሉም ነገር ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን እሷ አይደለችም።»

«ምን ጎደላት?»

«ንጹህ ናት።»

ኢሽቤል ወደ ማያው ጠጋ አለች።

«አቧራው የታለ? እኛ እኮ እዚያ ስንሰራ አጠገባችን የቆመውን ሰው አናየውም ነበር። ከላይ ከመብራቱ ስር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በረዶ ነው የሚመስለው። ሄክተር ሊጡን ድቡልቡል አድርጎ ማጅራቴን ይለኝ ነበር፣ እኔም እመልስለታለሁ። አለቃው መጥቶ ‘ዕቃ አታባክኑ’ ብሎ ይቆጣናል። ዕቃ አታባክኑ! የሚያሳስባቸው ዕቃው ብቻ ነበር።»

ሄክተር ማኬይ አብረው ቧንቧ ያለብሱ ከነበሩት አራት ጓደኛሞች ከዋላስ ሌላ በሕይወት ያለው ብቸኛው ነው። አሁን ግሪኖክ ከልጁ ቤት ይኖራል።

«አባዬ፣ ሰው የሚጫወትበት ጌም ነው» አለች ኢሽቤል። «ደግሞ መንገደኞች ሲሳፈሩ እኮ አቧራው የለም፤ ስራው አልቆ ነው።»

«አላለቀም!» ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ ጣለው። «እናትሽ ላይ አልቋል? እናትሽ መርከብ ረግጣ ታውቃለች? ቱታዬን ጓሮ አውጥታ ስታራግፍ፣ በእጇ ስታጥብ፣ በዚያው ነው የያዛት። ቤት ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ። አንቺም ከበር ሮጠሽ እግሬ ላይ ስትጠመጠሚ…» አልጨረሰውም። መስኮቱን ማየት ጀመረ።

እናቷ ኔታ ከሞተች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አባቷ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ኢሽቤልም ጠይቃው አታውቅም። ኩባያዎቹን አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች፤ እዚያ ቆማ ቆይታ ተመልሳ «እሰራዋለሁ» አለችው።

አቧራውን መስራት ከቧንቧዎቹ ሁሉ ከበዳት። ብትቀንሰው ጭስ ይመስላል፣ ብታበዛው ጭጋግ። ስድስት ሳምንት ከስራ ሰዓቷ ላይ እየሰረቀች እያንዳንዱን ብናኝ ከመብራቱ ስር ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ሰው ሲያልፍ እንዲዞር፣ የብረቱ ወለል ላይ እንዲያርፍ አደረገችው። በቧንቧ አልባሾቹ ጥግም አንድ የተገለበጠ በርሜልና አራት የቆርቆሮ ኩባያ አስቀመጠች።

ዋላስ ሲያየው ወደ ማያው ተጠጋ። ጣቱን ዘርግቶ መስተዋቱን ነካው።

«እዚህ ጋ ነበር ምሳችንን የምንበላው» አለ። «ዳቦው ላይ ሲያርፍ እፍ እንልና እንበላለን።» ቆየና ደግሞ፣ «ሰዎች ይሄን ያያሉ?»

«ያያሉ አባዬ።»

«ስንት ሰው?»

«ጌሙ ከተሳካለት መቶ ሺህም ይሆናል።»

«መቶ ሺህ» አለ። ያን ቀን ቋሊማውን ሙሉ በላው።

ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው የድርጅቱ ኃላፊ ኢነስ ፔትሪ ኢሽቤልን ወደ ክፍሉ ጠራት። በአስራ አምስት ዓመት ታንሰዋለች ቢባል የሚያምን አይጠፋም፤ በእውነቱ ግን ታላቋ እሷ ናት። ኢነስ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲጨንቀው ግን ብዕር ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ኢሽቤል ስትገባ ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ተበታትኖ ነበር።

«ቁጭ በይ እስኪ» አላት። «ጌሙ ከብዷል። ያረጀ ማሽን ያለው ሰው ጋ እየተንቀራፈፈ ነው። ለንደን ያሉት፣ ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች፣ የሆነ ነገር ይውጣ ብለዋል።»

«የሆነ ነገር ማለት?»

«የሞተር ክፍሉ።»

ኢሽቤል ሳቀች። ቀልድ መስሏት አልነበረም፤ አፏ የሚያደርገውን አጥቶ ነው።

«ለሙከራ ከተጫወቱት ሰዎች እዚያ የሚወርዱት ጥቂት ናቸው። የወረዱትም የሚቆዩት አርባ ሰከንድ ነው። አርባ ሰከንድ፣ ኢሽቤል! ገዳዩ እዚያ የለ፣ ፍንጭ የለ፣ ሰው የለ። የሚያምር ነገር ነው፣ አልዋሽሽም፤ ያ አቧራ… እንደሱ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ግን ደግሞ ማሽኑን የሚያንቀው እሱ ነው።»

«አቧራውን ላንሳውና ክፍሉ ይቆይ።»

ይህን ስትል አባቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ኢነስ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ተወስኗል። በሩን እንቆልፈዋለን። ‘ከሠራተኞች በቀር መግባት ክልክል ነው’ የሚል ይለጠፍበታል። ከጊዜው ጋርም ይሄዳል።»

«አባቴ ነው የሰራው» አለች ኢሽቤል። «እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ስሙን መጨረሻ ላይ ምስጋና ውስጥ እናስገባለን። ሙሉ ስሙን ጻፊልኝ።»

ጻፈችለት። ለምን እንደጻፈችለት ኋላ ስታስበው ራሷን ትጠላ ነበር። ተነስታ መሄድ፣ መጮህ፣ ቢያንስ ወረቀቱን መመለስ ትችል ነበር። ከኢነስ ብዕር አንዱን ቁራጭ ሌላው ላይ ገጥማ፣ ዋላስ ሬኒ ብላ ጽፋ ሰጠችው።

በዚያው ቅዳሜ አባቷ ገና በሩን ሲከፍት «እንዴት ነው፣ አለቀ?» አላት። አሁን በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ኦክስጅን እየጎተተ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«አለቀ» አለችው።

«ክፍላችንስ?»

«አለ፤ እንዳለ ነው።»

ውሸቱ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ጌሙ በወጣ ቀን ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። ውስጡ ያለው ለገበያ የወጣው ሳይሆን የድሮው፣ የሞተር ክፍሉ ያለበት ነው። ዋላስ ወረደ፣ በአቧራው መሀል አስራ አንድ እርምጃውን ሄደ፣ በርሜሉ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ሄክተር ጋ ደወለ።

«ሄክተር! አንተ ሽማግሌ፣ አለህ? መርከባችን ወጥታለች! አዎ፣ ከነአቧራዋ! አንተ ማጅራቴን የመታህበት ቦታ ሳይቀር አለ። ለልጅህ ሚስት ንገራትና ታሳይህ።»

ኢሽቤል ሄክተር የሚያገኘው ለገበያ የወጣውን፣ በሩ የተቆለፈበትን እንደሆነ ታውቃለች። ለአባቷ ያኔውኑ ልትነግረው ይገባ ነበር። አፏን ከፍታም ነበር። አባቷ ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል ፊቱ ላይ ያለውን አይታ ዘጋችው። ሳምንቱን ሙሉ ሄክተር ሰነፍ ሽማግሌ ነው፣ ይረሳዋል፣ የልጁ ሚስትም ጊዜ የላትም እያለች ስታጽናና ከረመች፤ የምታጽናናው ራሷን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦውን ይዛ ስትገባ አባቷ ከወንበሩ አልተነሳም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«ሄክተር ደውሎ ነበር» አላት።

ኢሽቤል ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ከልጁ ሚስት ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጉ ከረሙ። የዳንሱን አዳራሽ አይቷል፤ መዋኛውንም አይቷል። በእድሜው አንድ ቀን ያላስገቡትን ቦታ ሁሉ አይቷል። ወደኛ ክፍል የሚወርደው በር ግን ተቆልፏል። ‘ዋላስ፣ ቁልፉን የት ነው የማገኘው?’ አለኝ። ምን ልበለው?»

«አባዬ፣ ላስረዳህ…»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከሁለት ወር በፊት።»

«እና ባለፈው ቅዳሜ ያሳየሽኝ?»

«የድሮው ነው። ማንም የለውም። እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።» ማልቀስ ጀመረች። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው። አንተ እየታመምክ… ምን ላድርግ? እንዳትጎዳ ብዬ ነው።»

ዋላስ አየት አደረጋት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ምንም አይደል» አለ። «ለኛም ‘አይጎዳም’ ነበር የሚሉን።»

ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጡ። ስለ አየሩ፣ ስለ አሳንሰሩ መበላሸት አወሩ። ላፕቶፑ ከቦርሳዋ አልወጣም። የሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ አለፈ። ዋላስ ስለ መርከቧ ዳግመኛ አላነሳም፤ ረስቼብሻለሁ ብሎም አልደወለም። አንድ ጊዜ ኢሽቤል ልታነሳበት ሞክራ፣ «ኢነስን እለምነዋለሁ፣ በሌላ ጊዜ በነጻ እንለቀዋለን» ብትለው «እሺ ልጄ» አላት፤ ለሐኪሙ እሺ በሚልበት አነጋገር።

ኢነስን ለመነችው። ኢነስም በእርግጥ ለንደን ላሉት ጻፈ። መልስ ከመምጣቱ በፊት ግን ጌሙ የታሰበውን ያህል እንዳልተሸጠ ታወቀ፤ ከድርጅቱ ሰራተኞች አስራ ስምንቱ እንዲሰናበቱ ተወሰነ። ኢሽቤል ከአስራ ስምንቱ አንዷ ነበረች። ኢነስ ሲነግራት አይኑ ቀልቶ ነበር።

በመጨረሻው ቀን የድርጅቱን ዕቃ ለመረከብ አንዲት ሴት ዝርዝር ይዛ መጣች። ላፕቶፑም የድርጅቱ ነው፤ ኢሽቤል ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኢንቨርኔል ከነሞተር ክፍሏ ያለችው አሁን እሱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከድርጅቱ ማከማቻ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ቀደም ሲል ተሰርዛለች። ኢሽቤል ይህን ታውቃለች። መቅጃ ዲስክም መሳቢያዋ ውስጥ ነበራት። ግማሽ ሰዓት ቢበቃት ነው። ውሉ ክልክል ነው ይላል፤ እሷን ያቆማት ግን ውሉ አልነበረም። ያን ክፍል ስታስበው የሚመጣባት ቧንቧውም አቧራውም ሳይሆን «ምንም አይደል» ያለው የአባቷ ድምፅ ነው። ዳግመኛ ልታየው አልፈለገችም። ላፕቶፑን ከነገመዱ አነሳችና ለሴቲቱ ሰጠቻት።

«ውስጡ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ? እናጠፋዋለን እኮ» አለቻት ሴቲቱ።

«የለም» አለች ኢሽቤል።

ዋላስ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖረ። ኢሽቤል ስራ ስለሌላት እሱ ጋ ገብታ አስታመመችው። ትራሱን ታስተካክላለች፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ትነካለታለች። መጨረሻ አካባቢ መድኃኒቱ እያደነዘዘው አንዳንዴ ይናገር ነበር፤ ከሄክተርና ከሞቱት ሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ነው የሚያወራው። እሷ ብታናግረው ግን አይኑን ይገልጥና በትሕትና «አመሰግናለሁ» ይላት ነበር፤ ነርሷ መስላው ይሁን አውቆ፣ አላወቀችም። ይቅርታ ልትጠይቀው ሦስት ጊዜ ጀመረች። ሦስቱንም ጊዜ ተኝቶ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየጮሁ፣ ትንፋሹ ቆመ።

በቀብሩ ላይ ሄክተር በምርኩዝ መጣ። ኢሽቤልን እቅፍ አድርጎ «ያ በር ለምን ተዘጋ ብዬ ባልደውልለት ኖሮ» አላት። «አፌ ነው።» እሷም «የርስዎ ጥፋት አይደለም» አለችው። ቀጥላ ልትል ያሰበችው ነበር፤ ሰዎች መጥተው እጇን ያዙ።

በሽታው ከስራ የመጣ ስለሆነ፣ በእሱ የሚሞት ሰው ጉዳይ ለአቃቤ ሕግ ቢሮ ይነገራል። ከሳምንት በኋላ ከዚያ ደወሉ። ድምፅዋ ለስላሳ የሆነች ሴት ናት፤ መጀመሪያ ነፍስ ይማር አለች፣ ከዚያ ቅጽ መሙላት እንዳለባት ተናገረች።

«አባትሽ ለአስቤስቶስ የተጋለጡት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ኢንቨርኔል የምትባል መርከብ ላይ» አለች ኢሽቤል። «ከ1960 እስከ 61።»

«የመርከቧ የትኛው ክፍል?»

«የሞተር ክፍሉ። ከመሰላሉ ሲወረድ በቀኝ፣ አስራ አንድ እርምጃ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦይለር መሀል። ከበላይ ሁለት የእንፋሎት ቧንቧ አለ፤ አንዱ በእቅፍ አይገባም። ቀይ መክፈቻ አለው። እዚያ ስር ነበር ቁጭ ብለው የሚበሉት።»

ወዲያ ማዶ የመጻፊያ ሰሌዳው ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የሞተር ክፍል ብዬዋለሁ። ይሄን ሁሉ ግን እንዴት አወቅሽው? የሚያሳይ ንድፍ፣ ፎቶ፣ የሆነ ነገር አለሽ? ካለ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል።»

ኢሽቤል የአባቷ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው።

«ነበረኝ» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን የለኝም።»

«ስለዚህ ‘የለም’ ብዬ ልሙላው?»

«አዎ፤ ሙዪው» አለቻት።